መላጊያውን ከመፍታትህ በፊት

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ፍኖተ ሰላም አጠገብ ተወልደህ፣ በእንጨት ሥራ ደረጃ ሦስት ጨርሰህ፣ ባሕር ዳር በአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ከተቀጠርህ ሁለተኛ ዓመትህ መሆኑን ጽፈሃል። የውጭ አገር ባለሙያዎች የባሕር ሞገድ መንሸራተቻ ሰሌዳ፣ ማለትም ሰርፍቦርድ፣ በኤሌክትሪክ መላጊያ ሲቀርጹ በስልክህ አይተህ ልብህ ተሰርቋል፤ ከአሠሪህ በርካሽ የገዛኸውን አሮጌ መላጊያ ፈታተህ እንደ እነርሱ ማሽን ልታደርገው አስበሃል፤ ከዚያም ሥራህን ለቅቀህ በዚሁ ልትተዳደር ትችል እንደ ሆነ ጠይቀኸኛል። አንዱ ጥያቄ የማሽን፣ ሌላው የእንጀራ ነው። አማካሪ ከመሆኔ በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስምንት ዓመት በእንጨት ሥራ ላይ ስለ ነበርሁ ከማሽኑ እጀምራለሁ፤ የእንጀራው መልስ የሚወጣው ከዚያው ነውና።

መላጊያህን ገልብጠህ ብታየው ከሆዱ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ የብረት መቀመጫዎች አሉት። የኋላኛው ከምላጩ አፍ ጋር እኩል ሆኖ የተተከለ ነው፤ የፊተኛው ግን ከላይ ባለው መዞሪያ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ምላጩ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው ውፍረት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የዋንዛ በር ስትልግ ይህን ልክ አንድ ጊዜ ትወስንና ከዳር እስከ ዳር በዚያው ትሄዳለህ፤ ፋብሪካውም መዞሪያው ቀጭ ቀጭ እያለ በየደረጃው እንዲቆም ያደረገው ለዚህ ነው። ሰሌዳ ቀራጩ ግን ከሰሌዳው ጎን እየተራመደ፣ ማሽኑን ሳያቆም፣ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ይጠልቅና ጫፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አባትህ ሲያርስ ተከትለኸው ታውቅ እንደ ሆነ ነገሩ ይገባሃል፤ ገበሬ በሬዎቹን ሳያቆም ለስላሳ መሬት ላይ ዕርፉን ይጫናል፣ ድንጋይ ሲነካው ያነሣል፤ ጥልቀቱን የሚወስነው እየሄደ ነው። መላጊያውን የማሻሻል ዋና ነገሩም መዞሪያውን እንደ ዕርፍ በጉዞ ላይ የሚታዘዝ ማድረግ ነው።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያስተማራቸው ስኪል 100 የተባለው የአሜሪካ መላጊያ ነው፤ ጥልቀቱን በሥራ ላይ እያሉ ለመለወጥ እንዲመች ሆኖ የተሠራ ስለ ነበር ቀራጮቹ ወደዱት፤ መመረቱ ከቆመ በኋላም አሮጌውን እያደኑ ይገዙ ጀመር። ኋላ ላይ ሰሌዳው የሚቀረጽበትን ቀላል ስፖንጅ መሰል ነገር፣ ማለትም ፎም፣ በማምረት የታወቀው ክላርክ ፎም የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ የሂታቺን መላጊያ በዚሁ መንገድ አሻሽሎ ይሸጥ ነበር። እግረ መንገዴን ላስጠንቅቅህ፤ እነዚህን ማሽኖች ከአሜሪካ የሚልክልህ ዘመድ ብታገኝ የተሠሩት ለ115 ቮልት ገደማ ነው፤ ያለ ማውረጃ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ቮልት ላይ ብትሰካቸው ሞተሩ ይቃጠላል።

ወደ አንተው መላጊያ ስመለስ፣ ከማሻሻያዎቹ ገሚሱ ቀላልና ጉዳት የሌለው ነው። የጎን መምሪያውን ታወልቃለህ፤ የመቀመጫዎቹን ስል ጠርዝ ፎሙን እንዳይቧጥጥ በጥሩ ሞረድ ታለዝባለህ፤ ገመዱን ወፍራምና ረጅም ታደርገዋለህ። መዞሪያው ግን ማስተዋል ይፈልጋል። በብዙዎቹ ማሽኖች ቀጭ ቀጭ የሚያሰኘው በመዞሪያው ሥር ሞላ የሚጫነው ትንሽ ብረት ነው። ሞላውን አውጥተህ ብቻ ከተውኸው መዞሪያው በእጅህ እንደ ልብ ይዞራል፤ በማሽኑ ንዝረትም እንዲሁ ይዞራል። እኔ ወጣት ሳለሁ ይህንኑ በተዋስሁት መላጊያ ላይ ሞክሬ፣ የፊተኛው መቀመጫ በመካከል ተንሸራትቶ የአንድ ደንበኛ የዋንዛ በር ላይ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ አወጣሁበት፤ የእንጨቱን ዋጋ ከሁለት ወር ደመወዜ ከፈልሁ። ስለዚህ በሞላው ፈንታ ከወፍራም ቆዳ የተቆረጠ ቀለበት አስገባበት፤ በጣትህ ስታዞረው የሚታዘዝ፣ ስትለቅቀው ግን ባለበት የሚቆም መሆን አለበት። የዜሮውንና የመጨረሻውን ጥልቀት መቆሚያ ግን አትንካ፤ ማሽኑ ከተሠራለት በላይ እንዲጠልቅ ማድረግ እንደ ጉብዝና አይቆጠርም።

በምላጩ ፈንታ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ክብ በርሜል የሚያስገቡትንም አይተሃል። ምክንያት አላቸው፤ ከጥቃቅን ፍሬዎች ተጋግሮ የተሠራውን ነጭ ፎም ምላጭ ፍሬ ፍሬውን እየነቀለ ያበላሸዋል፣ በርሜሉ ግን ይፈጨዋል። ነገር ግን ይህን ቶርኖ ቤት ሄደህ አታስቀርጸው። እንዲህ ያለ መላጊያ በደቂቃ 15,000 ዙርና ከዚያ በላይ ይሽከረከራል፤ በሰኮንድ 250 ዙር ማለት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሚዛኑ በጥቂቱ የተዛባ በርሜል መጀመሪያ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ልጽፍልህ አልፈልግም። አንተ በደንብ በተሞረደ ምላጭና በቀጭን ልክ ተለማመድ። ማሽኑን በከፈትህ ቁጥር ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ በዓይንህ ፊት ይቀመጥ፤ የፎም ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለ ሆነም ያለ ማስክ አትሥራ።

እንግዲህ ወደ እንጀራው። ሰሌዳ መቅረጽ ብቻውን የተሟላ ሙያ አይደለም። ከቀረጻው በኋላ ሰሌዳው ከብርጭቆ ክር በተሠራ የፋይበርግላስ ጨርቅና ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ በሬዚን፣ ይለበጣል፤ እርሱም ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። በዚያ ላይ ተራው ፖሊስተር ሬዚን ያንን ነጭ ፎም ስለሚያቀልጠው ዋጋው ከፍ ያለውን ኢፖክሲ የተባለ ሬዚን መግዛት ግድ ይሆናል። ሰሌዳው የሚሸጠው ሞገድ ባለበት ነው፤ የጣና ማዕበል ታንኳ ይገለብጥ ይሆናል እንጂ ሰው አያንሸራትትም። ካሊፎርኒያና አውስትራሊያ ድረስ ሄጄ እቀጠራለሁ ብትለኝም፣ በዚያ ሻካራውን ቀረጻ በአብዛኛው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ወስዶታል፤ ለእጅ የቀረው ማጠናቀቁ ነው፤ ያም ለዓመታት ስም ላተረፉት ነው። ስለዚህ ሥራህን ልቀቅ ብዬ ልመክርህ አልችልም።

ሆኖም በደብዳቤህ ውስጥ አንተ ራስህ ዋጋ ያልሰጠኸው ነገር አለ። መላጊያው ለምን በጫፍ ላይ ከመጠን በላይ እንደሚበላ፣ የትኛው ብረት የትኛውን እንደሚያዝ ማንም ሳያስተምርህ ለይተህ ጽፈሃል። እኔ በየእንጨት ቤቱ ስዞር የማየው ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ካርቦኑ ያለቀ፣ ቺንጋው የተበጠሰ፣ ኩሽኔታው የሚጮኽ መላጊያና መጋዝ በየጥጉ ተጥሎ ነው። ባለቤቶቹ አዲስ መግዛት አይችሉም፤ ለጥገና የሚሰጡትም የሞተር ሽቦ የሚጠቀልል ባለሙያ እንጂ የእንጨት ሠሪን ችግር የሚያውቅ ሰው አያገኙም። አንተ ሁለቱንም ታውቃለህ፤ ወይም ልታውቅ ተቃርበሃል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ከአንድ ሞተር ጠቅላይ ዘንድ ጥቂት ወራት ተቀምጠህ ጥቅለላውንና የኤሌክትሪክ ፍተሻውን ብትማር፣ ቅዳሜና እሑድ የሚሠራ የጥገና ሥራ መክፈት ትችላለህ። ሌላው የተጠማዘዘ ሥራ ነው፤ የወንበር መደገፊያ፣ የአልጋ ራስጌ፣ የደረጃ እጀታ። በጉዞ ላይ ጥልቀት መለዋወጥን የለመደ እጅ እነዚህን ከሌላው ሠሪ በፊት ያደርሳል፤ ለአሠሪህም ደመወዝ ጨምርልኝ ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይኖርህም።

ሰሌዳውንም ተወው አላልሁህም፤ አንድ ሥራ። ከዕቃ ማሸጊያ የሚጣለውን ወፍራም ነጭ ፎም ሰብስበህ አጣብቅ፣ መካከሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን የጥድ ጣውላ አቁምበት፤ ሰሌዳ ቀራጮቹም ለጥንካሬ እንዲህ ያደርጋሉ። የእጅህን ልክ የምታየው እዚያ ላይ ነው፤ ፎሙ ለስላሳ፣ እንጨቱ ጠንካራ በመሆኑ ምላጭህ ከደነዘ ፎሙ ይጎደጉድና ጣውላው እንደ በሬ አከርካሪ ከፍ ብሎ ይቀራል። በመዳፍህ ዳበስ አድርገው፤ ጣውላው ለእጅህ እስኪጠፋ ድረስ አትለፈው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየደረጃው ፎቶግራፍ አንሣና፣ የመዞሪያውን የቆዳ ቀለበት ጨምረህ ላክልኝ፤ የጥገና ሥራውን ለመጀመር የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ የምታስገባውን ማመልከቻ አብረን እንጽፋለን።