ሰውየውንም ይዛችሁ ኑ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አምስት ሆናችሁ ጋራዥ መጣችሁ። ዕቅዳችሁን ነገራችሁኝ። የካቲት 26፣ የሶማሊያ ጦር በተሸነፈበት በካራማራ ቀን፣ ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ እዚሁ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በሞተር ልትሰለፉ ነው። የሚሰበሰበውን ብር ለተጎዱ ወታደሮች ልትሰጡ ነው። ጥሩ ነው አልኳችሁ። የካቲት ደግሞ ጭቃ የለም። ከዚያ ዝምተኛዋ ልጅ፣ «ጋሼ፣ አንድ እግር የሌለው ሰው ከኋላ ቢቀመጥ ይወድቃል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ ወጣሁ። ማንም አልደወለም ነበር።

መልሱን እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግን ሌላ ነገር አለ።

1980 ነው፣ አፋቤት በሻዕቢያ የተያዘችበት ዓመት። ስሙ ብሔራዊ ውትድርና ነበር፤ እኛ ግን አፈሳ ነበር የምንለው። እኔና ባልንጀራዬ እዚሁ ጋራዥ ረዳት ነበርን። ዘይት አብረን እንቀይራለን፣ ምሳ ከአንድ ሳህን እንበላለን። አንድ ጠዋት አፋሾቹ ሲመጡ ባለጋራዡ ከመኪና ሥር ሆነን የምንሠራባት ጉድጓድ ውስጥ ከተተኝና መኪና ገፍቶ ላዬ ላይ አቆመ። ባልንጀራዬ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ዳቦውን እንደያዘ ወሰዱት። ከዳቦው ግማሹ የኔ ነበር።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ደርግ ወደቀ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ተበተነ። ያን ክረምት ዩኒፎርሙ ላዩ ላይ ያለቀ ሰው በየመንገዱ ማየት የተለመደ ሆነ። ነሐሴ ውስጥ ባልንጀራዬ መጣ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። አቅፎ ሳመኝ። ሥራ ስጠኝ አላለኝም። «ቡሎን በናፍጣ አጥባለሁ፣ ለሱ እግር አያስፈልግም» ነው ያለኝ።

ባለጋራዡ ታሞ ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር። እሺ ማለት እችል ነበር። ግን «የደርግ ወታደር» ስድብ የሆነበት ሰሞን ነው። ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ፈራሁ። «በሳምንቱ ና» አልኩት።

በሳምንቱ መጣ። ክራንቹን ከሩቅ ሰማሁት። ጉድጓዷ ውስጥ ገባሁና ረዳቱን «ወጥቷል በለው» አልኩት። ከታች ሆኜ የሚታየኝ የክራንቹ ጫፍና አንድ ሸራ ጫማ ነው። ብዙ ቆመ። «ይቺ ጉድጓድ አሁንም አለች?» ብሎ ልጁን ጠየቀው። ከዚያ ሄደ።

አጋሮ ቡና ለቀማ ሄደ አሉኝ። ሊሙ ነው ያሉም ነበሩ። በኋላ ሞተር ስገዛ በሁለቱም በኩል ፈለግሁት። ማለቴ፣ ለሥራ ስሄድ ዐይኔ ይፈልግ ነበር። ፈለግሁት ለማለት ይከብደኛል። ጋራዡ ዛሬ የኔ ነው። ጉድጓዷም አለች።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን አንድ የኮሪያ ዘማች ነበሩ፣ ከቃኘው ሻለቃ። የብስክሌት ጎማ ሊያስለጥፉ ሲመጡ እንኳ ሜዳሊያቸውን ያደርጋሉ። «አንድም ሰው አልተማረከብንም» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፣ ምርኮኛ ግን የለም። ሲመጡ ሁላችንም ከመቀመጫችን እንነሳ ነበር። ባልንጀራዬ ሲመጣ እኔ ጉድጓድ ገባሁ። ሁለቱም ያው ሂዱ የተባሉ ሰዎች ናቸው።

በስልካችሁ አሜሪካኖቹን አሳይታችሁኛል፣ ሮሊንግ ተንደር የሚባሉትን። እነሱ በፈረንጆቹ 1988 ዋሽንግተን ላይ ሲጀምሩ፣ ከቬትናም ያልተመለሱት ምርኮኞችና የጠፉት የት ደረሱ እያሉ ነበር። የሞተሩ ጩኸት ጥያቄ ነበረው። የእናንተን ግን እንጃ። የዘንድሮ ልጅ ቪዲዮ ካልወጣለት የሠራ አይመስለውም። ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ፈትታችሁ ማስጮሃችሁንም ተዉ። መርካቶ አንድ ዘበኛ፣ የቀድሞ ወታደር፣ ሞተር ሲተኩስ በደረቱ አስፋልት ላይ ሲተኛ አይቻለሁ። ሰው ሳቀ። ከቅርቡ ጦርነት የተመለሱት ደግሞ የእናንተው እኩዮች ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልጄ። አይወድቅም። ግን የብዙ ሞተር ማርሚታ በቀኝ ነው። ሰው ሠራሽ እግር ካለው፣ እግሩ ሙቀት አይሰማውም፤ ሳያውቀው ፕላስቲኩ ይቀልጣል። መከለያ ብረት እበይድለታለሁ። መርገጫውንም አሰፋና ጠርዝ አወጣለታለሁ፣ እንዳያንሸራትተው። እግሩን በገመድ እንዳታስሩት፣ ሞተሩ ከወደቀ አብሮ ይጎትተዋል። ክራንቹን በሞተሩ ርዝመት እሰሩት። በአግድም ከታሰረ ባጃጅ ይገጨዋል። ከጅሬን ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ብቻ አትመኑ። ስለ ሄልሜት አልናገርም፤ ያለሱ የሚመጣ ካለ ቤቱ ይቀመጥ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰልፉ ይቅር ልላችሁ ነበር መጻፍ የጀመርኩት። ሞተር ካላችሁ ሰዎቹን ለሐኪም ቀጠሮ አድርሱ፣ መድኃኒት አምጡላቸው፣ ከቻላችሁ ሥራ ፈልጉላቸው። ባንዲራው ይደርሳል። አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው። ግን ደግሞ ሰልፉን ማየት እፈልጋለሁ። ጅሬን ዳገቱ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

ቀዩን አፓቼ ሞተር ቅዳሜ ከሰዓት አምጡት። ሰውየውንም ይዛችሁ ኑ። መርገጫውን ያለሱ መለካት አልችልም።