አንኮበርን በማይንክራፍት

ጥያቄ፦ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የነበሩበትን የአንኮበር ቤተ መንግሥት ብሎክ እየደረደሩ በሚገነቡበት የቪዲዮ ጨዋታ በማይንክራፍት እየሠራሁ ነው። ተራራው ላይ በረዶ ይጥላል፤ ክቡ ቤትም እየተንጋደደ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በረዶው የሚመጣው ከመረጡት የአየር ንብረት ክልል ነው። ነፋሻማ ኮረብታ የሚባለው ክልል ከፍታ ሲጨምር ዝናቡን ወደ በረዶ ይለውጣል። ሳቫና ደግሞ ጭራሽ አይዘንብበትም፤ አንኮበር ያለ ዝናብና ጉም አንኮበር አይሆንም። ስለዚህ የደን ክልል ይምረጡ። በጃቫው (በኮምፒውተር በሚጫወቱት) እትም ደመናው የሚያልፈው በ192 ብሎክ ከፍታ ላይ ስለሆነ ግቢውን 200 ላይ ያሳርፉት፤ ጉሙ ከእግርዎ በታች ይተኛል።

ክቡ ቤት የሚንጋደደው ስፋቱ ተጋማሽ ቁጥር (ለሁለት እኩል የሚከፈል) ስለሚሆን ነው። ምሰሶው መሀል እንዲውል ጎዶሎ ቁጥር፣ ለምሳሌ 15 ይውሰዱ። ዙሪያውን 5፣ 2፣ 1፣ 2 ብሎክ እየደረደሩ አራት ጊዜ ሲደግሙ በ40 ብሎክ ይገጥማል። ግድግዳውን 4 ብሎክ ከፍ ያድርጉ፣ ለጽድ እንጨቱ በጨዋታው ውስጥ ያለው የስፕሩስ ዛፍ ግንድ ይስማማል።

ክዳኑ የድርቆሽ ብሎክ ይሁን። ከ17 ብሎክ ስፋት ጀምረው በየደረጃው 2 እየቀነሱ በ9 ደረጃ ጫፍ ይደርሳሉ፤ ጉልላቱ ላይ ማሰሮ ያስቀምጡ። ድርቆሽ ግን እሳት ይወዳል፤ አንድ መብረቅ ግቢውን በሙሉ ሊያነድ ይችላል። መክደን ሳይጀምሩ የእሳት መዛመትን ከጨዋታው ደንቦች ውስጥ ያጥፉ። ለምድጃውም ላቫ (የቀለጠ ዐለት) ሳይሆን ካምፕፋየር የሚባለውን የእሳት ብሎክ ይጠቀሙ፣ እሱ ወደ ጎን አይዛመትም።