ሻንሲው ላይ ሬንጅ ከማፍሰስህ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ቆጪ ነው የምኖረው። የቆየች አይሱዙ ኤንፒአር አለችኝ። ከሊሙና ከጎማ አካባቢ ቡና ጭኜ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ስመለስ ያገኘሁትን እጭናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጨውና ማዳበሪያ ነው። ሰሞኑን ከሥሯ ገብቼ ሳይ ሻንሲው፣ መኪናዋን የተሸከመው ዋናው ብረት፣ ዝጓል፤ አንዳንድ ቦታ እየተላጠ ይወርዳል። ረዳቴ የተቃጠለ ዘይት እንቀባው ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ሬንጅ አልብሰው ይለኛል። ግቢዬ ሰፊ ነው። ራሴ ልሠራው እችላለሁ? የትኛውስ ይሻላል?

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ። ግን ሁለቱንም አትቀባ። ሬንጅ ለዓይን ያምራል። ከሥሩ ጭቃና እርጥበት ካለ ግን አፍኖ ይይዘዋል። ቆይቶ ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባና መውጫ ያጣል። ብረቱ ሲያልቅ አታይም፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ከሞተሩ አሲድ ይዞ ነው የሚወጣው። ቆዳህን ይጎዳል፣ የፍሬን ጎማዎችን ያበላሻል፣ የሚንጠባጠበውም ግቢህ አፈር ውስጥ ይሰርጋል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ጭራሽ አታስበው።

መጀመሪያ ምን ያህል ጤነኛ ብረት እንደቀረህ እወቅ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመህ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ። በክሪክ ብቻ ተነሥታ ከሥሯ እንዳትገባ፣ አደራ። ትንሽ መዶሻ ይዘህ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኳህ ሂድ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተበላው ድፍን ይላል። ድምፁ የተቀየረበትን በጠመኔ ምልክት አድርግና በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርገው። ካቻቢቴው ከሰመጠ፣ ወይም ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) የሚታሰርበት አካባቢ ስንጥቅ ካየህ ሥራውን አቁም። ያ በቀለም አይድንም። ሻንሲ የሚያውቅ በያጅ ይየው። ባትሪውን ሳይነቅል እንዳይበይድ፣ የሻንሲውን የላይና የታች ጠርዝም እንዳይበሳ ንገረው።

ጭነቱ የሚያርፍበት ካሶኒና ሻንሲው መካከል እንጨት ካለ እሱን በደንብ እይልኝ። ብዙ ሰው የሚረሳው እዚያ ነው። እንጨቱ ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ ይዞ ብረቱ ላይ ይተኛል። በጎን ባትሪ አብርተህ ስታይ ዝገቱን እንደ ቂጣ ተነባብሮ ታገኘዋለህ። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ብረት የተደራረበበት ውስጥ ሲገባ ገፍቶ ያጎብጣቸዋል፣ ሪቬቱንም ያላላል። ያንን ንብርብር በመሮና በሽቦ ብሩሽ ሳታወርድ ምንም ነገር አትቀባ። የበሰበሰውን እንጨት ቀይረው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጭነትህ ነው። ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ በላይ ሲሆን ራሱ ውሃ ስቦ ይሟሟል። ጅማ ደግሞ ሌሊቱ እርጥብ ነው። ዝናብ ባይዘንብም ሻንሲህ ጨዋማ ውሃ ለብሶ ያድራል ማለት ነው። ማዳበሪያም እርጥበት ይስባል። እንዲህ ያለ ጭነት ባራገፍክ ቀን ማታውኑ እጠባት። የሻንሲውን የውስጥ ጎን፣ የካሶኒውን ሥር፣ የባሌስትራውን መያዣ በደንብ በውሃ ምታው። አዌቱ ዳር ወስደህ ግን አይሁን። ከታች በወንዙ የሚጠቀም ሰው አለ። ላቫጆ ውሰዳት ወይም ግቢህ እጠባት።

ጊዜውን ደግሞ ምረጥ። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። የቡናው ግርግር ሲበርድልህ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና ሥራት። ካጠብክ በኋላ ፀሐይ ላይ አቆይተህ በደንብ ትድረቅ። ልል ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አራግፍ። የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርግ። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለውን ቦታ ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መለወጫ ካገኘህ ቀባው፤ በጣሳው ላይ እንደተጻፈው ተጠቀም። የባትሪ አሲድ ግን በፍጹም፤ ብረቱንም አንተንም ይበላል። ከዚያ በቲነር ጠርገህ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከለውን ቀለም) ሁለት ጊዜ፣ በላዩ ሲንቴቲክ ቀለም። ጠዋት ብረቱ ጤዛ ስላለበት ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ብሩሽ አታንሳ። የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅም ሁለተኛውን አትደርብ።

ብሩሽ የማይደርስባቸው መጋጠሚያዎችና የተዘጉ ቦታዎችስ? እዚያ ንጹሕ የካምቢዮ ዘይት፣ ወፈር ያለውን፣ በቀጭን ቱቦ አስገባባቸው። ስለሚታጠብ በየዓመቱ ድገመው። ፍሬን፣ ጎማና የጭስ ማውጫ እንዳይነካ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሽቦ ብሩሹን ከማንሳትህ በፊት ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልገህ አግኘው። ሊብሬህ ላይ ካለው ጋር አመሳክረው፣ ፎቶም አንሣው። ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ የሚያዩት እሱን ነው። ግራይንደር ካስጠጋህበት ቁጥሩ ይጠፋል፤ ወፍራም ቀለም ከደፋህበት ደግሞ አይነበብም። ያቺን ቦታ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረጋትና ስስ ግሪስ ብቻ ቀባት።