መልስ፦ ካናዳ ነፃ የወጣችው መቼ ነው?

ወንድሜ፣ «ካናዳ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው በየትኛው ዓመት ነው?» ላልከው፣ አንድ ቀን ቆርጦ መናገር ይከብዳል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1867 የራሷ መንግሥት ኖራት፤ የውጭ ጉዳይዋ ግን ለንደን እጅ ቀረ። በ1914 እንግሊዝ ጦርነት ስታውጅ ካናዳም ሳትጠየቅ ገባችበት። በ1931 የዌስትሚንስተር ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ ያለ ፈቃዷ ሕግ ሊያወጣላት አይችልም። በ1939 ጦርነት ያወጀችው ራሷ ናት፣ ከእንግሊዝ አንድ ሳምንት ዘግይታ።

የሚያስቀው የሕገ መንግሥቷ ነገር ነው። ፌዴራሉና ክፍላተ ሀገሮቹ በማሻሻያው መንገድ መስማማት አቃታቸው። ስለዚህ ዋና ዋናውን ለመቀየር እስከ 1982 ድረስ ለንደን ደጅ መጥናት ነበረባት! ያኔም ከክፍላተ ሀገሮቹ አንዷ፣ ኩቤክ፣ አልተስማማችም። እኔን ከጠየቅከኝ 1931ን እይዛለሁ። የእንግሊዝ ንጉሥ ግን ዛሬም ርዕሰ ብሔሯ ናቸው።