«የሠራሁላትን ሁሉ እያሸተተች ነው የምትበላው»

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ከፋሲካ ወዲህ ሥጋ አልበላም ብላለች። ለበዓሉ የተገዛውን በግ ሦስት ቀን ሣር ስታበላው ቆይታ፣ ግቢያችን ውስጥ ሲታረድ አይታ ነው። ወተትና እንቁላል ትወስዳለች። አባቷ «ሲርባት ትበላለች» ይላል። አያቷ ሥጋ ያለበት ጉርሻ ይዘው በሞቴ ይሏታል። እኔም ደሟ እንዳያንስ ፈርቼ ሽሮዋ ውስጥ የሥጋ መረቅ ጨመርኩ፤ ደረሰችበት። አሁን የሠራሁላትን ሁሉ እያሸተተች ነው የምትበላው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ ሥጋ መተዋ ሳይሆን ማሽተቷ ነው። የሥጋው ጉዳይ በወጥ ቤት መላ ይገኝለታል። የእናቷን ምግብ የምትጠራጠር ልጅ ግን የሚበጃትንም አብራ ትተዋለች።

ስለዚህ ከመረቁ እንጀምር። ሌላ ሰው በሌለበት «መረቁን የጨመርኩት ትታመሚያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። ሳልነግርሽ ማድረጌ ግን ልክ አልነበረም፤ አይደገምም» ይበሏት። «አንቺም ብትሆኚ» የሚል ነገር አያስከትሉበት፤ ይቅርታው እዚያው ይፈርሳል። ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ወጡን አብራችሁ ሥሩ። ሽንኩርቱን እሷ ትክተፍ፣ ሽሮውን እሷ ትነስንስ። ድስቱ ውስጥ የገባውን በዓይኗ ካየች ማሽተቱን ቀስ በቀስ ትተወዋለች።

ውሳኔዋን እንደ እልህ አይዩት። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሥጋ በሚበላ ቤተሰብ ውስጥ እያደጉ ራሳቸው ወስነው ሥጋ የተዉ ከ6 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ልጆችን ጠይቆ ነበር። ምክንያታቸው ለእንስሳት ማዘን ነበር። ሥጋ የሚበሉ ሌሎች ሰዎችን ግን አልኮነኑም። የእርስዎም ልጅ እናንተን ልትፈርድባችሁ አልተነሣችም፤ በእጇ ያበላችውን በግ መብላት አቃታት እንጂ።

የአባቷ «ሲርባት ትበላለች» እዚህ ላይ አይሠራም። የራባት ልጅ ወደ ሥጋው አትመለስም፤ ዳቦ በሻይ ትበላና ትጠግባለች። ደም ማነስ የሚመጣውም በዚያ በኩል ነው። የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ይሁን፦ ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚበላ እናንተ ትወስናላችሁ፤ ከቀረበው የቱን፣ ምን ያህል እንደምትበላ እሷ ትወስናለች። ለእሷ ብቻ ሌላ ድስት መጣድ የለብዎትም፤ ከሚቀርበው አንዱ እሷ የምትበላው ወጥ ከሆነ ይበቃል። በገበታ ላይ ስለ በጉ ክርክር አይነሣ። አያቷም ጉርሻውን አይተዉት፣ ውስጡን ይለውጡት፤ ጎመን በአይብ ጠቅልለው ያጉርሷት። እምቢ ያለችው ሥጋውን እንጂ የአያቷን እጅ አይደለም።

አሁን ወደ ምግቡ። ከ9 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 34 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። አንድ ብርጭቆ የበሰለ ምስር 18 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው፤ የቀረውን እንጀራው ይሞላዋል። በጾም ቀን ምስር፣ ክክና ሽሮ የሚሠራበት ቤት ለዚህ እንግዳ አይደለም።

የሚያስቸግረው የብረት ማዕድን ነው። በእሷ ዕድሜ በቀን 8 ሚሊግራም ይመከራል፤ ከ14 ዓመት ጀምሮ በወር አበባ ምክንያት ለሴት ልጅ 15 ይሆናል። የእህልና የጥራጥሬ ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም ስለማይገባ፣ ሥጋ ለማይበላ ሰው መጠኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል። የሚያስገባው ቫይታሚን ሲ ነው፤ ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቅ፣ ከጎኑ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ይኑር፣ ወይም ብርቱካን ይከተል። በደንብ የቦካ እንጀራም ይረዳል፤ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር እርሾው ይቀንሰዋል። ሻይና ቡና ግን መግባቱን ያግዳሉ፤ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ወተቱንም ከምሳ ጋር ሳይሆን በመክሰስ ሰዓት ይስጧት።

ቫይታሚን ቢ12 ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። ሁለት ብርጭቆ ወተትና አንድ እንቁላል የቀኑን ይሸፍናሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በሌሎቹ አጽዋማት እነዚህንም የምትተው ከሆነ ግን ስለ ቢ12 ክኒን ሐኪም ያማክሩ።

የታችኛው የዓይኗ ሽፋን ውስጡ ከገረጣ፣ ደረጃ መውጣት ካደከማት፣ አፈር ወይም በረዶ መብላት ካማራት የሄሞግሎቢንና የፌሪቲን (ደም ማነስንና በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ) የደም ምርመራ ያስደርጉላት። የብረት ክኒን ያለ ምርመራ አይጀምሩላት፤ ሲበዛ ይጎዳል። ሌላም የሚጠበቅ ነገር አለ። ሥጋ መተው አንዳንዴ ለመክሳት መሸፈኛ ይሆናል። ዘይቱንና እንጀራውንም መቀነስ ከጀመረች፣ «ትምህርት ቤት በልቻለሁ» እያለች ከገበታ ከቀረች፣ ክብደቷ ከወረደ፣ የጀመረ የወር አበባዋ ከቆመ፣ ነገሩ ከበጉ አልፏልና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪምም የሥነ ልቦና ባለሙያም ይያት።

ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ ሲሠሩ፣ ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ዶሮው ሳይገባ ሁለት ጭልፋ በትንሽ ድስት ቀንሰው ያስቀምጡላት፤ የተቀቀለ እንቁላል ይግባበት፣ ከአይብ ጋር ይቅረብላት። የዶሮው ወጥ በትሪው ላይ ከፈሰሰ በእሷ በኩል ያለውን እንጀራ ይነካዋል፤ ስለዚህ በሳህን ሆኖ ይቅረብ። በግ የምትገዙ ከሆነም ግቢ ውስጥ አይክረም። ከሳምንት በፊት ይንገሯትና በሚታረድበት ሰዓት የት መሆን እንደምትፈልግ ይጠይቋት፤ አክስቷ ቤት ልሂድ ካለች ይፍቀዱላት፤ ለምሳ ትመለስ።