አሮጌውን ባይኖኩላር ላሠራ ወይስ አዲስ ልግዛ?

ደብረ ብርሃን ላይ ባይኖኩላር እጠግናለሁ። መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ደጋ ላይ ጎብኚ የሚያስጎበኝ አንድ ወጣት ከመሐል ሜዳ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል። «ጋሼ፣ አጎቴ የተወልኝ 8×30 ባይኖኩላር አለኝ። ድንጋይ ላይ ወድቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይን ያደክማል፣ ራስ ያሳምማል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጉም የገባበት ይመስላል። አሁን አንድ ሰው ከአዲስ አበባ አዲስ 10×42 አምጥቶልኛል። ዋጋው ግን የአንድ ወቅት ገቢዬን ይበላል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?»

ለሌላው አንባቢ፦ 8×30 ሲባል 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 30 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። አሁን መልሴን ላስቀድምልህ። ገና አትግዛ። የነገርከኝ ችግር የእርጅና አይደለም። አንዱ ከመውደቅ፣ ሌላው ከእርጥበት የመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ይጠገናሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ አይሆንም። የትኛው እንደሆነ እዚያው ቤትህ ሆነህ መለየት ትችላለህ።

ከዓይን ማድከሙ እንጀምር። መጀመሪያ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት አስተካክል። ብዙ ሰው ይህን ቀለበት ነክቶት አያውቅም። ሁለቱን ዓይንህን ክፈት። የቀኙን የፊት ሌንስ በእጅህ ሸፍንና በመሃለኛው መዘውር ለግራ ዓይንህ አጥራ። ከዚያ ግራውን ሸፍን። መሃለኛውን ሳትነካ የቀኙን ቀለበት ብቻ አዙረህ አጥራ። አንተ ለእንግዳ ስለምታውሰው ሁሉም ለራሱ ያዞረዋል። ስለዚህ የአንተ ዓይን የሚስማማበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም ትንሽ ነጥብ አድርግበት። በተመለሰልህ ቁጥር ወደዚያ ትመልሰዋለህ።

ይህን አድርገህም ካደከመህ፣ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቦታ እያዩ አይደለም ማለት ነው። ለማረጋገጥ ሩቅ ያለ የመብራት ሽቦ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ፈልግ። ባይኖኩላሩን አጥር ላይ አስደግፈህ ሽቦውን አጥራ። ከዚያ ዓይንህን ከባይኖኩላሩ ቀስ እያልክ አንድ ስንዝር ያህል አርቅ። ሁለት ትናንሽ ክቦች ይታዩሃል። በግራው ክብ ያለው ሽቦ በቀኙ ውስጥ ባለው ላይ ቀጥ ብሎ ከቀጠለ ደህና ነው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካለ ፕሪዝሙ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ብርሃን የሚያጥፈው መስታወት፣ ከቦታው ተናግቷል። ራስ ምታቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዓይናችን ወደ ጎን ትንሽ የተዛባ ምስልን ያቻችላል። ወደ ላይና ወደ ታች የተዛባውን ግን ለማገጣጠም ሲታገል ይደክማል።

ይህ የሚስተካከል ነገር ነው። እንዳንተው ያሉት፣ ቱቦአቸው ቀጥ ያላለ አሮጌ ባለ ፖሮ ፕሪዝም ባይኖኩላሮች ለዚሁ ሥራ የተቀመጡ ትናንሽ ብሎኖች አሏቸው። አንዳንዱ በፊት ሌንሱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት በማዞር ይስተካከላል። በቢላ ጫፍ ልሞክረው እንዳትል። አንዱን ስትነካ ሌላው አቅጣጫ ይዛባል፤ ማስተካከያ መሣሪያ ከሌለህ መጨረሻ የለውም።

ወደ ጉሙ እንሂድ። ጉሙ በጨርቅ ሲነኩት የሚጠፋ ከሆነ ከውጭ ያረፈ እርጥበት ነው፤ ጉዳት የለውም። ብርድ ውስጥ የዋለውን ባይኖኩላር ሞቅ ወዳለ ቤት ስታስገባው ከነቦርሳው ለጥቂት ጊዜ ተወው፣ ጉሙ ራሱ ይለቃል። ከውስጥ ከሆነ ግን ማታ ጨለማ ቤት ውስጥ ባትሪ ይዘህ በፊት ሌንሱ በኩል አብራና አጮልቀህ እይ። እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ክር ካየህ ሻጋታ ነው። የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፤ ከቆየ ቢጠረግም ጠባሳው ይቀራል። ወጥ የሆነ ደብዛዛ ንጣፍ ካየህ ግን አብዛኛውን ጊዜ እርጥበትና ጭስ ነው። እኛ አገር ባይኖኩላር የሚሰቀለው እሳት ከሚነድበት ቤት ምሰሶ ላይ ነው። ጭሱ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ይገባል። ሲፈታ ሌንሱ ላይ ቢጫ ቅባት መሳይ ነገር አገኛለሁ። እሱ ተጠርጎ ሲገጠም ባለቤቱ አዲስ የተገዛለት ይመስለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። በአረቄ አትጥረገው። መንፈሱ ቢተንም የሚቀር ነገር አለው፤ ጠርዙ ላይ ገብቶም ማጣበቂያውን ያላላል። በነጠላም አትፈትገው፣ አቧራው መስታወቱን ይፍቀዋል። መጀመሪያ አቧራውን በእስትንፋስህ ሳይሆን በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ።

አሁን አዲሱ ምን ይጨምርልሃል ወደሚለው እንምጣ። ትልቁ ለውጥ ማቅረቡ አይደለም። ሽፋኑና መታሸጉ ነው። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ገደማ ብርሃን ወደኋላ ይመልሳል። ብርሃኑ ባይኖኩላር ውስጥ 10 እና ከዚያም በላይ ገጽ ያልፋል። ተደምሮ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሳይደርስህ ይቀራል። የጀርመኑ ኩባንያ ዛይስ ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን ያወጣው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዛሬው ባለ ብዙ ንብርብር ሽፋን ኪሳራውን በየገጹ ከግማሽ በመቶ በታች አውርዶታል። ያንተ ሽፋን ምን እንደሆነ ለማወቅ የአምፖል ነጸብራቁን ሌንሱ ላይ እይ። ነጭ ከሆነ ሽፋን የለውም። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ነጠላ ሽፋን ነው። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴና ሌላም ቀለም ከቀላቀለ ባለ ብዙ ንብርብር ነው።

መታሸጉ ደግሞ ለጓሳ ትልቅ ነገር ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ጉምና ውርጭ በሚፈራረቁበት ቦታ ነው የምትሠራው። ናይትሮጅን ተሞልቶ የታሸገ ባይኖኩላር ከውስጥ አይጎምምም። ያንተ ተጠርጎ ቢመለስ እንኳ ያልታሸገ ስለሆነ ክረምት ላይ እርጥበት ሊያስገባ ይችላል። ለመግዛት የሚያበቃ ምክንያት ካለህ ይኸው ነው። ሻጩን ስትጠይቀው «ውሃ ይቋቋማል» እና «ውሃ አያስገባም» የተለያዩ መሆናቸውን አስታውስ። የመጀመሪያው ለካፊያ ብቻ ነው።

10 ይሻላል ወይስ 8? ላንተ 8። ይህን በእርግጠኝነት ነው የምነግርህ። 10 ጊዜ ሲያቀርብ የእጅህንም መንቀጥቀጥ 10 ጊዜ ያጎላዋል፤ የጓሳ ነፋስ ደግሞ አይለቅህም። የሚያሳየውም ስፋት ይጠባል። 1 ኪሎ ሜትር ላይ 8ቱ ከ120 እስከ 140 ሜትር ያህል ሜዳ ሲያሳይ፣ 10ሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 115 ነው። አንተ «ከጅብራው በስተግራ፣ ሳሩ ውስጥ» ስትል እንግዳው ቀይ ቀበሮውን ቶሎ ማግኘት አለበት። በጠባብ ሜዳ ሲያፈላልግ ቀበሮው ይሄድበታል።

ብርሃኑንም አስላው። የፊት ሌንሱን ስፋት ለሚያቀርብበት ቁጥር አካፍል። 8×30 ለዓይንህ 3.75 ሚሊሜትር የብርሃን ክብ ይሰጣል፣ 10×42 ደግሞ 4.2፣ 8×42 5.25። በእኩለ ቀን የዓይንህ ብሌን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚከፈት ልዩነቱ አይታይህም። ንጋትና ምሽት ላይ ብሌኑ ሲሰፋ ግን ይለያያል። ስለዚህ ሻጩን ቀትር ላይ አታግኘው። ወደ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አግኘውና የራስህን ከጎኑ ይዘህ አወዳድር።

ያመጣልህ ቱቦው ቀጥ ያለ ከሆነ ሩፍ የሚባለው ሌላው የፕሪዝም ዓይነት ነው። ይህ ዓይነቱ ፌዝ ኮቲንግ የሚባል ሽፋን ከሌለው ምስሉ ይደበዝዛል። ለዚያም ነው ርካሽ አዲስ ሩፍ ከደህና አሮጌ ፖሮ አንሶ የሚገኘው። አንኮበር ገደል ላይ እንዳለችው ትንሽ ቡናማ ወፍ፣ ከድንጋዩ ጋር የምትመሳሰለውን የሚለይልህ ጥራቱ ነው እንጂ ማጉላቱ አይደለም። ባይኖኩላሩን በክንድህ ልክ አርቀህ ወደ ሰማይ አቅና፤ የብርሃኑ ክብ ሙሉ ክብ መሆን አለበት። ጠርዙ አራት ማዕዘን እየመሰለ ግራጫ ከሆነ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው። የሽቦውንም ፈተና እዚያው አድርግ። አዲስ ሆነው ተዛብተው የሚመጡ አሉ።

ፊቱ እንደ ቀይ ሩቢ የሚያብለጨልጭ፣ 30×60 የተጻፈበት ካሳየህ አትንካው። በእጄ ያለፉት 60 ከተባለው ሌንሳቸው ግማሹ እንኳ በማስመሪያ አልሞላም። ቀዩ ሽፋን ደግሞ ቀይ ብርሃንን ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ለዓይንህ የሚደርሰው ወደ አረንጓዴ ያደላ ምስል ነው። ቀይ ቀበሮን በደረቀ ሳር መሃል ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የባሰ የለም።

ስለዚህ ባትሪ ስታበራ ሻጋታ ካላየህ አሠራው። የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ጋር አይወዳደርም። ሻጋታ ከበላው፣ ወይም ተጠርጎ በመጀመሪያው ክረምት ተመልሶ ከጎመመ፣ ያኔ የታሸገ 8×42 ፈልግ። አሮጌውን አትሽጠው፣ ለእንግዳ ሁለተኛ ይሆንሃል።

ደብረ ብርሃን ከላክኸው ጨርቅ ጠቅልለህ ካርቶን ውስጥ አድርግና ለሾፌሩ በእጁ ስጠው። ጣሪያ ላይ እንዳይጫን። ስመልሰውም እንደዚያው ነው የማደርገው።