የጨርቁ ዋጋ ናረ፣ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ፤ ውሉስ?

ጥያቄ፦ አምስት ሠራተኞች ያሉኝ የልብስ ስፌት ድርጅት ባለቤት ነኝ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ለአንድ የግል ትምህርት ቤት 300 የደንብ ልብስ ሰፍቼ እስከ ነሐሴ 30 ላስረክብ ተዋዋልኩ፤ ቅድሚያ ክፍያም ተቀበልኩ። በሐምሌ የጨርቅ ዋጋ ናረ። በነሐሴ ደግሞ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ 9 ቀን ያለ መብራት ቆየን። 180ውን በቀኑ፣ ቀሪውን አዘግይቼ አስረከብኩ። ርዕሰ መምህሩ በስልክ «ችግር የለውም» ብለውኝ ነበር፤ አሁን ግን ትምህርት ቤቱ የመዘግየት መቀጮ እየጠየቀኝ ነው። ከአቅሜ በላይ ነበር ብዬ መከራከር እችላለሁ? ለወደፊቱስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም ችግሮች እርስዎ አላመጧቸውም። ሕጉ ግን ለየብቻ ነው የሚመዝናቸው።

በጨርቁ በኩል ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው፣ ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደውን ነገር ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚወድቀውና የሚነሣው «ፍጹም» በምትለው ቃል ላይ ነው። መፈጸሙ ከባድ ሆነ፣ ኪሳራ አመጣ ማለት አይበቃም። ቁጥር 1794 ደግሞ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመሩ ከአቅም በላይ እንደማይባል በግልጽ ያስቀምጣል። በቁጥር 1763 መሠረትም ዳኛው አዝኖልዎት የውሉን ዋጋ ሊያሻሽል አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ያለውን ድንጋጤ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራ ድንጋጌ ብቻ መመዘኑ ለአነስተኛ ነጋዴ ጨካኝ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕጉ እስካልተሻሻለ ድረስ ግን ፍርድ ቤት የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው።

የመብራቱ ነገር ይሻላል፣ ቢሆንም ቀላል አይደለም። መብራት መጥፋቱን ማንም የከተማ ነጋዴ አስቀድሞ ሊያስበው ይገባል ይባላል። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ 9 ቀን መቆየት ግን ከተለመደው ያለፈ ነው ብለው መከራከር ይችላሉ። ዳኛው የሚጠይቅዎት ይህን ይመስለኛል፦ ጄኔሬተር ለመከራየት ሞክረዋል? ሌላ ስፌት ቤት ማሽን ማግኘት አይቻልም ነበር? ስለዚህ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመለከቱበትን ቀን፣ የጥገናውን ቀን፣ ጄኔሬተር የጠየቁበትን መልእክት ሳይቀር ይሰብስቡ።

«ችግር የለውም» የምትለው የስልክ ቃል ግን ታሳስበኛለች። በጽሑፍ የተደረገን ውል ይዘት በሰው ምስክር ማስተባበል በሕጋችን እጅግ ይከብዳል። ያን ዕለት ማታ «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው ቀሪውን 120 እስከ መስከረም 10 እንዳስረክብ ፈቅደውልኛል» ብለው ሁለት መስመር ጽፈው ቢልኩና «እሺ» የሚል መልስ ቢያገኙ ኖሮ፣ ዛሬ እጅዎ ላይ ማስረጃ ነበር። አንድ የሚረዳዎት ነገር አለ፦ ውሉ በከፊል ሲፈጸም ፍርድ ቤት መቀጮውን ሊቀንስ ይችላል። 180ውን በቀኑ ያስረከቡበት የርክክብ ሰነድ አይጥፋብዎት።

ለወደፊቱ፣ አብዛኛው ውል መጨረሻ ላይ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሲያጋጥም ተጠያቂነት የለም» የሚል አንድ መስመር አለው። ይህ ሕጉ የሰጠዎትን ደግሞ ከመናገር ያለፈ ጥቅም የለውም። ይልቁንም እንዲህ ይጻፉ፦ «የጨርቁ የሜትር ዋጋ በፊርማው ቀን ከነበረው ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ወገኖች በ5 ቀን ውስጥ በአዲስ ዋጋ ይስማማሉ፤ ካልተስማሙ ሻጭ ላልሠራው የተቀበለውን ገንዘብ መልሶ ውሉ ያለ መቀጮ ይቋረጣል።» የመብራት መቋረጥም ከስንት ቀን በላይ ሲሆን የማስረከቢያው ቀን እንደሚራዘም በቁጥር ያስቀምጡ። የተቀበሉትን ገንዘብ ደግሞ «ቀብድ» ብለው አይጻፉ፤ ውሉን ትተው ቢወጡ በቁጥር 1885 መሠረት እጥፍ እንዲመልሱ ሊጠየቁ ይችላሉ። «ቅድሚያ ክፍያ» ይበሉት።

ስለ ሠራተኞችዎ አልጠየቁኝም፤ ቢሆንም ልናገር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የሥራ ውል ለጊዜው ማገድ የሚቻለው ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ ነው፤ ምክንያቱንም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የእርስዎ 9 ቀን ስለነበር ለእነዚያ ቀናት ደመወዝ ከቆረጡ ይክፈሏቸው።

ኢንሹራንስም አለ። አከራይዎ ለቤቱ የገቡት ዋስትና የእርስዎን ማሽንና ጨርቅ አይሸፍንም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ ያየነው ይረሳል? ፖሊሲ ሲገዙ የመሬት መንቀጥቀጥና ሁከት ተካትተው እንደሆነ፣ ካልሆነም በተጨማሪ ክፍያ ይካተቱ እንደሆነ ይጠይቁ። የማሽኖቹን ደረሰኝና የዱቤ ደብተሩን ፎቶ አንሥተው ከሱቁ ውጭ ያስቀምጡ፤ ደብተሩ ከተቃጠለ እርስዎ ለማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለብዎት፣ ለእርስዎስ ማን ምን ያህል እንዳለበት የሚያሳይ ነገር አይኖርም።

አሁን ግን ቅድሚያው የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነው። ዝም አይበሉ። የመብራቱን ቀናትና ያስረከቡትን ብዛት ጠቅሰው፣ መቀጮው እንዲቀነስ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቅጂውን አስፈርመው ያስቀሩ።